ከቀኝ ጆሮዋ ሥር የቆመው ንቅሳት

ያልጋዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

ከተለያየን አራት የሰሊጥ አጨዳ አልፏል፤ አምስተኛው ማሳ ላይ ደርሶ ይጠብቀኛል። ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ደህና ነኝ ብትይኝም የማረጋግጥበት መንገድ የለኝም። ታውቂኛለሽ፣ ያላየሁትን አላምንም፣ ያየሁትንም ሁለቴ ካላገላበጥኩ አላምንም። «አንተ እኮ ጥላህ ቢከተልህ ማን ላከህ ትለዋለህ» ትይኝ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ሰውን ሁሉ ጠርጥሬ ጨርሼ በመጨረሻ ተራው አንቺ ላይ ደረሰ፤ የምጽፍልሽም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ሽንፋ ከተማችን አድጋለች። ባጃጅ ገብቷል፤ ስልክ የሚሠራው ግን አሁንም ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጉብታው ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ማጀቱን ቆርቆሮ አለበስኩት፤ ዝናብ ሲመታው የራስን ሐሳብ እንኳ አያሰማም፣ የሣሩ ክዳን ይሻል ነበር። ማሳው ዳር የነበረውን ትልቁን ግራር ቆረጥኩት። የጤና ጣቢያ ሰዎች መጥተው፣ አንቺን የወሰደብኝን የካላዛር በሽታ የምታመጣው ትንሽ ዝንብ ግራር ሥርና በጥቁሩ አፈር ስንጥቅ ውስጥ እንደምትኖር አስተማሩን። በአረም ጊዜ ከሥሩ የተኛንባቸውን ክረምቶች አሰብኩና መጥረቢያ አነሳሁ። ጥፋተኛው እሱ መሆኑን ግን እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። አሁን ሠራተኞቹ ጥላ አጥተው እኔን ይረግማሉ።

ልጃችን ውባለም ሃያ ሦስት ዓመት ሞላት። አንቺን ስታስታምም ያየችው ሥራ ልቧን ወስዶት ነርስነት ተማረች፤ ጎንደር ተቀጥራም ትሠራ ነበር። ባለፈው ጥር፣ ሰሊጡ ተራግፎ መጋዘን ከገባ በኋላ መጣች። ውኃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ። የጠረጠርኩት ያኔውኑ ነው፤ ሳይጠሯት መጥታ እግር የምታጥብ ልጅ ነገር ይዛለች። እውነትም ይዛ ነበር። ካቶሊኮች ዘንድ ገብታ መመንኮስ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእነርሱ ጋር እንዳስቀደሰች፣ እንደቆረበችም፣ እኔን ፈርታ እንደደበቀችኝ አንገቷን ደፍታ ተናገረች።

ሌላ አባት ቢሆን ይቆጣል ወይም ያለቅሳል። እኔ ቦርሳዋን ፈተሽኩ። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቄ አንድ በአንድ አወጣሁት። የወንድ ፎቶ ወይም የውጭ አገር ወረቀት አላጣም ብዬ ነበር። ያገኘሁት መቁጠሪያ፣ ነጭ የሥራ ልብስና ያንቺ የቀንድ ማበጠሪያ ነው። ያንን ማበጠሪያ ያጣሁት ከቀብርሽ ማግስት ሲሆን፣ ሦስት ሠራተኞች በሌብነት ጠርጥሬበት ነበር። መልሼ ከቦታው አስቀመጥኩት፤ እሷም ያየችኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ ወዲያ ሐሳቤ ሁሉ ወደ አንቺ ዞረ። ጎንደር ታመሽ ተኝተሽ ሳለ በሽተኛ የሚጠይቁት ነጭ ለባሾቹ ሴቶች ትዝ አሉኝ። ሲስተር ትያቸው ነበር። ሾርባ ያመጡልሽ ነበር፤ እኔ ደግሞ አንቺ ሳትጠጪው አስቀድሜ እቀምሰው ነበር። «ቅመስ ቅመስ፣ መርዝም ከሆነ አብረን እንሄዳለን» ብለሽ ስትስቂ፣ ያ ሁሉ ሳልሽ ተነሳብሽ። እኔ ወንበሩ ላይ ሳሸልብ እጅሽን ይዘው ከአንቺ ጋር ሲንሾካሾኩ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ምን ትባባሉ ነበር? ልጄን እዚያ አልጋ ላይ ሆነሽ ሰጥተሽብኝ ይሆን?

ነገሩን ወደ ኋላ ስጎትተው ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ከውባለም በፊት ሁለት ሕፃን ቀብረናል። እናቶች እንዲህ ሲሆን ይሳላሉ፤ ይቺን አቆይልኝ፣ ያንተው ትሁን ይላሉ። ተስለሽ ኖሯል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ተስለሽ ደብቀሽኝ ሞትሽ፤ ስለቱንም የሚወስዱት እነዚያ ሾርባ አቀባዮች ናቸው። ያልጋዬ፣ በሕይወትሽ አንድ ቀን እንኳ ሳልጠረጥርሽ አፈር ከለበስሽ በኋላ ጠረጠርኩሽ።

የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ ተናገርኩ። አብረውኝ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እስክጨርስ ሰሙኝና፣ «አዝናለሁ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን መውጣቷ ያሳዝነኛል። ግን እስቲ ንገረኝ፣ ከእኛው ገዳም ልግባ ብትልህ መርቀህ ትሸኛት ነበር?» አሉኝ። ጋቢዬን ሰብስቤ ተነሳሁ። ስወጣ እርሳቸውንም ጠረጠርኳቸው።

ያጽናናኝ ጎረቤታችን አያ ሰጠኝ ነው። ታውቂዋለሽ፣ መተማ ዮሐንስና ድንበር ማዶ ገላባት እየተመላለሰ የሚነግድ፣ ያላየውን አገር ሁሉ ያየ ሰው ነው። «ምን አስጨነቀህ? እነሱ እኮ የተነቀሰ ሰውነት አይቀበሉም። ገላዋ እንዲያው እንደተፈጠረ መሆን አለበት፤ ሱዳን ሳለሁ ሰምቻለሁ» አለኝ። የአያ ሰጠኝን ወሬ በሌላ ቀን በሦስት ወንፊት ነው የምነፋው። ያን ቀን ግን ልቤ ዘለለች። የልጄ አንገት የተነቀሰ ነውና።

ያን ቀን እናስታውሰው። ውባለም አሥር ዓመቷ ነበር። ከአረም ስመለስ ነቃሿ እማማ ትርንጎ ደጃችን ተቀምጣ፣ የኩራዝ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ለውሳ፣ መርፌዋን ስትጠራርግ አገኘኋት። አንቺ የልጅቷን ራስ ጭንሽ ላይ አስተኝተሽ አንገቷን በእርጥብ ጨርቅ ታብሻለሽ። አብጦ ቀልቷል። ሦስት መስመር ዙሪያውን ገጥሟል፤ አራተኛው ግን ከግራ ተነስቶ ቀኝ ጆሮዋ ሥር ሲደርስ ቆሟል። እንደ አገራችን ወግ የሴት ልጅ አንገት የሚነቀሰው ለትዳር ጠያቂ ሳይመጣ ቀድሞ ነው፤ ጎዶሎ አንገትም አይቼ አላውቅም። ምነው ብል «ደከማት፣ ሌላ ቀን ትጨርሳለች» አልሽኝ። ሌላ ቀን አልመጣም። እኔም በየዓመቱ ያቺን ባዶ ቦታ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር።

እንግዲህ በየካቲት ተነስቼ ጎንደር ወረድኩ አልልሽም፤ ከእኛ በረሃ ወደ ጎንደር መውጣት ነው። ለውባለም ሳልነግራት የሲስተሮቹን ግቢ ጠይቄ ገባሁ። እናት አለቃ የሚሏቸው አጠር ያሉ፣ ጥቁር፣ እንደ እኛው ያሉ አሮጊት ናቸው፤ እኔ ፈረንጅ ጠብቄ ስለነበር ይህም አጠራጠረኝ። ሻይ ቀረበልኝ። አልጠጣሁም። ጠምቶኝ ሳለ ብርጭቆውን ገፋ አድርጌ፣ ልጄ ንቅሳት እንዳለባት፣ እነርሱም ሳያውቁ ተቀብለው በኋላ እንዳያፍሩ ልነግራቸው እንደመጣሁ ተናገርኩ። እንደ ሐቀኛ ሰው ነበር ያወራሁት።

«አባቴ፣ ውባለም መች ሸፈነችው?» አሉኝ። «ንቅሳት ብቻውን ማንንም ከምንኩስና አያግድም። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ አሠራር አለው፤ የሚጠይቅ አለ፣ የማይጠይቅም አለ። እኛ የምንጠይቀው ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደተነቀሰች፣ ዛሬስ ልቧ የት እንዳለ ነው። የሚያስነውር ሥዕል ወይም ለሌላ የተገባ ቃል ከሆነ እንነጋገርበታለን። እርስዎ አባቷ ነዎትና የዚህን ንቅሳት ነገር ይንገሩኝ።»

የአያ ሰጠኝ ወሬ እዚያው ሞተ። ግን «ለሌላ የተገባ ቃል» ያሉት ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ያልጋዬ፣ አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ ፊትሽን እንዳታዞሪብኝ። ዋሸሁ። ልጄ ከሕፃንነቷ ለሰው የታጨች ናት አልኩ። አራተኛው መስመር ሳያልቅ የቆመው ለሰርጓ ሳምንት ተቀምጦ ነው፤ የልጁ አባትም ቃላችንን ይዞ እየጠበቀ ነው አልኩ። ሰው ሁሉ ይዋሻል እያልኩ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰውዬ፣ መስቀል ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያየኝ፣ ዓይኔን ሳላሽ ዋሸሁ።

እናት አለቃ የውባለምን የመግቢያ ወረቀት ገለል አደረጉት። «እንዲህ ከሆነ ነገሩ እስኪጠራ መግቢያዋ ይቆያል። በሰው ቃል የተያዘች ልጅ አንቀበልም» አሉ። ወጥቼ መናኸሪያው ዘንድ ሦስት ብርጭቆ ሻይ አከታትዬ ጠጣሁ። አሸነፍኩ አልኩ። መኪናው ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወርድ፣ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ፣ ልጄን ከጅብ አፍ ያስጣልኩ ነበር የመሰለኝ።

ትመጣለች፣ ትጮህብኛለች፣ እኔም እመልስላታለሁ ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣችም። አንድ ቀን ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጉብታው ላይ ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ ሰጠችኝ፣ ጤናዬን ጠየቀች፣ መድኃኒቴን መዋጤን ጠየቀች። ከዚያ በለሆሳስ «አባዬ፣ ለማን ነው የሰጡኝ?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። በእውነት አምናኝ ነው የጠየቀችኝ፤ ስሙን ልትሰማ። ኔትወርክ እንደጠፋበት ሰው ሃሎ፣ ሃሎ ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ ቀን ወዲያ እንቅልፍም እህልም አልተስማማኝም። የዋሸሁት እኔ ሆኜ ሳለ ክሱን ወደ አንቺ ገፋሁት። የጀመርሽውን ብታስጨርሺው ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ለምን አቆምሽው? ስለት ነው ወይስ ምን? ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። እማማ ትርንጎ ዓይኗ ደክሞ አብደራፊ ከተማ ልጇ ዘንድ መጠጋቷን ሰምቼ፣ በግንቦት ለእርሻ ከሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ጋር ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ሄድኩ። ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ የትራክተር ጎማ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘኋት። በድምፄ ለየችኝ። «ያ ነገር ፈታዩ የያልጋነሽ ባል» አለችኝ።

ገና ሳትነግረኝ ፈተንኳት። የልጄ አንገት የቆመው በየት በኩል ነው ብዬ ጠየቅኳት። ወዲያው የራሷን ቀኝ ጆሮ ሥር በጣቷ ነካች። እንዲህ አለችኝ፦ «ልጅቱስ ጥርሷን ነክሳ ዝም ብላለች። እናትየዋ ናት ያነባችው። አራተኛውን ጀምሬ እዚህ ስደርስ እጄን ያዘችኝ። በቃ ተይው አለችኝ። ኧረ ጎዶሎ ትቼ ሙያዬን አታሰድቢኝ ብላት፣ እኔን ሲነቅሱኝ ማንም አልጠየቀኝም፣ ሲሽር ሰርግሽ ነው አሉኝ እንጂ። ይቺ ስታድግ ከፈለገች ራሷ ታስጨርሰው፣ ካልፈለገች ትተወው አለች። ላባቷ ግን እንዳትነግሪ፣ ሳምንት ሙሉ ነገር ሲፈትል ይሰነብታል ብላ በእንባዋ መሃል ሳቀች።»

ስለ ስለት ጠየቅኳት። ስለ ሲስተሮቹም ጠየቅኳት። «ያኔ የምን ስለት፣ የምን ሲስተር አመጣህ? ልጄ፣ አንተስ ሐኪም ይይህ» አለችኝ።

ስመለስ መኪናው ላይ ሠራተኞቹ ይዘፍናሉ፤ እኔ አቧራው ገባብኝ ብዬ ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ ነበር። ያንቺን አንገት ነበር የማየው። አራቱም መስመር ዙሪያውን የገጠመ፣ ሰው ያደነቀው፣ እኔ በየድግሱ የኮራሁበት አንገት። ለእኔ መነቀሱን አውቅ ነበር። አባትሽ ቤት ሽማግሌ ስልክ፣ ታላቋን አሳይተው ታናሿን እንዳይሰጡኝ አጣሩ ብዬ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቄያለሁ። ዘርሽን አጣራሁ፣ ጤናሽን አጣራሁ፣ የሙያሽን ወሬ ከሦስት ቤት ሰማሁ። አንቺ ትፈልጊኝ እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ያልጠረጠርኩት ይህን ብቻ ነው።

ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋብኝ በሰኔ መጀመሪያ ጎንደር ተመለስኩ። ለእናት አለቃ ዋሽቻለሁ፣ ልጄ ለማንም አልታጨችም አልኳቸው። ይቆጡኛል ወይም ይስቁብኛል ብዬ ነበር። «ይህንኑ በልጅዎ ፊት ይድገሙት» ብቻ አሉኝ። አስጠሯት። ከዚያች ደቂቃ ፍርድ ቤት መቆም ይሻለኝ ነበር። ውሸቴን ነገርኳት፤ ከዚያም እማማ ትርንጎ የነገረችኝን ከነቃሉ ነገርኳት። ስጨርስ ውባለም እጇን አንስታ ቀኝ ጆሮዋ ሥር አስቀመጠች። አንቺ መርፌውን ያስቆምሽው ሕመሙ እንዳቃታት አይተሽ እየመሰላት፣ እናቴን አሳፈርኳት እያለች ስታዝን ማደጓን ያን ቀን ነገረችኝ። አሥራ ሦስት ዓመት እኔ አንድ ነገር፣ እሷ ሌላ ነገር ስናስብ ኖረናል፤ አንዳችንም ግን አንቺን አልጠየቅንም።

እናት አለቃ፣ ከእንግዲህ ማስጨረስ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቋት። «እንዲህ እንዳለ ይሁን» አለች። ወረቀቱ ላይም ስለ ንቅሳቷ የሚል ቦታ ነበርና፣ እናቷ ለእርሷ የተወችላት ነው ብለው ጻፉ። እኔ ሁለቴ አስነበብኳቸው። ያን ቀን የቀረበልኝን ሻይ ጠጣሁ፤ ስኳሩ በዝቶ ነበር።

በመስከረም ሸኘኋት። ካቶሊኮቹን አመንኳቸው ብዬ አልዋሽሽም፤ አሁንም ግቢውን ስዞር አጥሩን፣ መስኮቱን፣ የማድ ቤቱን ንጽሕና ሳይቀር አይቻለሁ። ገና ለሙከራ ነው የገባችው፣ መሐላ እስክትፈጽም መመለስ ትችላለች ብለውኛል። አልጋዋን አንጥፌ ትቼዋለሁ። ከበሩ ላይ ጉንጯን ከሳምኩ በኋላ አንገቷን አዘንብላ ሰጠችኝ፤ መስመሩ የቆመበትን ቦታ ሳምኩ። ልትገባ ስትል ማበጠሪያሽን ከቦርሳዋ አውጥታ «ሲፈልጉት የነበረው ይኸውልዎ፣ አባዬ» ብላ በእጄ አስቀመጠችልኝ። ለካ ያን ቀን አይታኝ ኖሯል።

ነገ አጨዳ እንጀምራለን። ሰሊጡ አፉን ሊከፍት ደርሷል፤ ባንደርስለት መሬት ላይ ይፈሳል። ማበጠሪያሽ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነው፤ እስካለሁ ድረስ ከእኔ አይለይም። ያቺን ከሰዓት፣ የነቃሿን እጅ የያዝሽበትን፣ አልረሳትም። ሰው ስለ ልጃችን ሲጠይቀኝም አንቺ ስላቆምሽው መስመር እነግራለሁ፤ ነገር ሳልፈትል፣ እንዳለ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ሽማግሌ ሳልልክ፣ ራሴው ልጠይቅሽ። ያልጋዬ፣ ያኔ ብትጠየቂ ኖሮ እሺ ትይኝ ነበር ወይ? ስመጣ ትነግሪኛለሽ። ምንም ብትመልሽልኝ፣ ሳላጣራ አምንሻለሁ።